ጋቢው ላይ የተነሳው ቅጠል

ጋቢ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ደሴ እየኖሩ ደግሞ ጋቢ ሳያዩ መዋል አይቻልም። ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት ግማሹን ከተማ ጋቢ ያስለብሰዋል። ስለዚህ በቀን ሃያ ጊዜ ያህል ያቺ ተማሪዬ ትዝ ትለኛለች ማለት ነው።

አማክሬ ያስመረቅኳት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሁለተኛ ዲግሪ። የስንዴ ቅጠል በስልክ ፎቶ ሲነሳ ቢጫ ዋግ የሚባለው በሽታ ይኑርበት አይኑርበት የሚለይ ሞዴል፣ ማለትም ከፎቶ የሚማር ፕሮግራም ነበር የሠራችው። ሰኔ 2015 ላይ ዲፌንስ አደረገች፤ ሥራዋን ፈታኞች ፊት አቀረበች። ስላይዷ ላይ በትልቁ 98.2 በመቶ ትክክል ይላል። ፈታኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። «በጣም ጥሩ» ተባለች። ከዚያ የተለመደው ሆነ። ፎቶ ተነሳን፣ ለስላሳና ኬክ ቀረበ፣ ቴሲሱ ተጠርዞ መጣ፣ ፈረምኩበት፣ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

መስከረም ላይ ደወለች። «መምህር፣ ደሴ ነኝ። ላገኝዎት እችላለሁ?»

ፒያሳ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ተቀጣጠርን። ስትመጣ በፌስታል የስንዴ ቅጠል ይዛለች። ገና እርጥብ ነው። አስተናጋጇ ለበግ የመጣ ሣር መስሏት ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ቡናው ሳይቀርብ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና፣ «ውጤቴ ውሸት ነው» አለችኝ።

## እጃቸውን ዋግ የመታቸው ገበሬ

ልጅቷ የኩታበር ገበሬ ልጅ ናት። ከምርቃት በኋላ ቤተሰብ ጋ ነው የከረመችው። ሞዴሉን ስልኳ ላይ ጭናዋለች። አንድ ቀን አባቷን ይዛ ማሳ ወጣች፤ የሁለት ዓመት ልፋቷን ልታሳያቸው።

አባትየው የመጀመሪያውን ቅጠል ቀጥፈው ያዙላት። ስልኩ «ቢጫ ዋግ» አለ። ቅጠሉን አገላብጠው አዩት። ምንም የለበትም። ሌላ ቀጠፉ። «ቢጫ ዋግ።» ሌላም። «ቢጫ ዋግ።» አንዲት ነጥብ የሌለችበትን ቅጠል ሁሉ ታሟል ይላል። ልጅቷ ላብ ላብ አላት። ደግነቱ ከታች በኩል፣ ውሃ በሚቋጥረው የጎረቤት ማሳ፣ የምር የታመመ አልጠፋም። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበርና ቅጠሉን አባቷ ትከሻ ላይ ጣል ባደረጉት ጋቢ ጫፍ ላይ አድርጋ አነሳችው። «ጤነኛ፣ 99 በመቶ።»

የነቁት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው አልነቃችም፣ እኔ አማካሪዋ አልነቃሁም፣ ሁለት ፈታኞችም አልነቁም። «ልጄ» አሏት፣ «አምና ደህና ደህናውን ስታነሺ ጋቢዬን ደጅ ላይ አንጥፈሽ አልነበር? ዋግ የመታውን ጊዜ ግን ማሳው ጭቃ ነው ብለሽ እኔ በእጄ ያዝኩልሽ። ይሄ ስልክሽ የሚያውቀው ጋቢዬንና እጄን ነው።» ከዚያ ባዶ መዳፋቸውን ስልኩ ፊት ዘረጉ። ቅጠል የሚባል ነገር የለም። «ቢጫ ዋግ፣ 97 በመቶ» አለ።

«በይ እንግዲህ፣ እጄን ዋግ መታው» ብለው ከት ብለው ሳቁ አለችኝ።

እኔም እዚያው ቡና ቤት እጄን ዘረጋሁ። ገበሬ አይደለሁም፤ እጄ ከጠመኔና ከኪቦርድ ሌላ የሚያውቀው የለም። ስልኩ አልማረኝም። ቢጫ ዋግ ነኝ።

ሳቅ መጣልኝና ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። «ከቅጠሉ ጀርባ ያለው ንጹህ ይሁን፤ ነጭ ነገር ላይ አድርገሽ አንሺው» ያልኳት እኔው ነኝ። ጋቢውን ያነጠፈችው በእኔ ትእዛዝ ነው። ጭቃው ሲመጣ እንደምንም ብላ በእጅ አስይዛ ጨረሰች። ማን ይፈርድባታል? ፎቶዎቹን እኔም አይቻቸዋለሁ። ስድስት መቶ ምናምን ፎቶ አገላብጬ፣ ደህናው ሁሉ ነጭ ላይ፣ የታመመው ሁሉ መዳፍ ላይ መሆኑ አልታየኝም። ቅጠሉን ነበራ የማየው።

## «ተይው»

የሚከነክነኝ ግን ይሄ አይደለም። ስህተት ማንም ይሳሳታል። የሚከነክነኝ ያኔ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ተይው፤ አንዴ ተመርቀሻል።»

በቅንነት ነው ያልኩት፣ ወይም እንደዚያ ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ልጅቷ ሥራ እየፈለገች ነው። ዲግሪዋ ላይ ጣጣ እንዲመጣ አልፈለግሁም። ስሜም አለበት፤ እሱንም አልደብቅም። እሷ ግን ስኒዋን ሳታነሳ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ሌላ ሰው ይጠቅሰዋል እኮ፣ መምህር» አለች።

ሪሰርች ሜተድስ የሚባለውን ኮርስ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ተማሪ ነግሬው የማላውቀውን ነገር በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። ለእኔ ቴሲሱ የእሷ መመረቂያ ነበር። ለእሷ አንድ የማታውቀው ሰው ነገ አምኖ የሚቆምበት ነገር ሆኖባታል። ቡናው ቀዝቅዞ ተመለሰ። ቶናም በረካም ሳንጠጣ ተለያየን።

ማታ ቤቴ ገብቼ ቴሲሱን እንደ አዲስ አነበብኩት። ጉዱ እሷ ካየችውም ይብሳል። ፎቶዎቹን አዙራ፣ ገልብጣ፣ ብርሃናቸውን ቀንሳ አባዝታቸዋለች። ይሄ የተለመደ አሠራር ነው። ግን ያባዛቻቸው ለማሰልጠኛና ለመፈተኛ ከመክፈሏ በፊት ነው። ስለዚህ አንዱ ቅጠል ቀጥ ብሎ ማሰልጠኛው ውስጥ፣ ተዘቅዝቆ ደግሞ ፈተናው ውስጥ አለ። አንድን ተማሪ ፈተናውን ከነመልሱ አስጠንቶ፣ ሲደፍን «ሰቃይ ነው» እንደ ማለት ነው። በትክክል ብትከፍለውም ግን ጋቢው አይያዝም ነበር። ማሰልጠኛውም መፈተኛውም ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ጋቢና ከአንድ እጅ ነው የመጡት።

ቀጥሎ የቀደሙ ሥራዎች የሚለውን ምዕራፍ አየሁት። እዚያ ውስጥ በዚህ ዘርፍ ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው አንድ ጽሑፍ አለ። በፈረንጆቹ 2016 የወጣ ነው። የተሠራው ፕላንትቪሌጅ በሚባለው የፎቶ ክምችት ላይ ነው፤ 14 ዓይነት ሰብል፣ ከ54 ሺህ በላይ የቅጠል ፎቶ። ተማሪዬ «99.35 በመቶ ደርሰዋል» ብላ ጠቅሳዋለች። ልክ ናት። ጽሑፉን አወረድኩትና ወደ ታች አነበብኩ። እዚያው ውስጥ፣ ሰዎቹ ራሳቸው፣ ሞዴሉን በሌላ ሁኔታ በተነሱ ፎቶዎች ሲሞክሩት ወደ 31 በመቶ ገደማ መውረዱን ጽፈዋል። አልደበቁትም። 99ኙን ይዘን 31ዱን የተውነው እኛ ነን። በፈረንጅ 2016 የታተመውን ነገር እኔ አንብቤ የጨረስኩት በእኛ 2016 ነው።

ሌላም አገኘሁ። በእነሱ 2022 የወጣ ጥናት ነው። አንድ ሰው ከዚያው ክምችት ቅጠሉን ትቶ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ 8 ነጥብ ብቻ ወሰደ። ስምንት ፒክስል። በዚያ ብቻ ሞዴል አሰልጥኖ 49 በመቶ አገኘ። ሞዴሉ የሚመርጥባቸው ክፍሎች፣ ማለትም የሰብልና የበሽታ ዓይነቶቹ፣ 38 ናቸው፤ በጭፍን ቢገመት 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። የዓለም ሁሉ ተማሪ የሚሠራበት ክምችትም የራሱ ጋቢ ነበረው ማለት ነው። ትንሽ አጽናናኝ። ብዙ ግን አይደለም።

## ዲፌንስ የሚሉት ነገር

ተማሪውን ሰነፍ ማለት ይቀላል። እንደዚያ የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔም ሲደክመኝ ብያለሁ። ግን ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። መብራት ሲጠፋና ኔትዎርክ ሲቆራረጥ ኮላብ የሚባለው የጉግል የኢንተርኔት ኮምፒውተር የሞዴሉን ሥልጠና መሃል ላይ እየጣለባት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ እንደገና ስታስጀምር ከርማለች። ያልናትን ሁሉ አድርጋለች። ችግሩ ያልናት ነገር ላይ ነው።

ምንድን ነው የምናስተምረው? ምዕራፍ አንድ መግቢያ፣ የችግሩ መግለጫ፣ ዓላማ፣ ወሰን። ምዕራፍ ሁለት የቀደሙ ሥራዎች። መስመሩ አንድ ተኩል፣ ህዳጉ ይሄን ያህል። ርዕሱም በየዓመቱ አንድ ነው፤ «የእንትን ቅጠል በሽታን በዲፕ ለርኒንግ መለየት»። እንትኑ ብቻ ይቀየራል። አንዱ ዓመት ማሽላ፣ አንዱ ዓመት ቡና፣ አንዱ ዓመት ባቄላ። ያለቀ ነገር እንዴት እንደሚጻፍ በደንብ እናስተምራለን። ያላለቀ ነገር ውስጥ ምን እንደሚደረግ ግን ትንፍሽ አንልም።

ስሙ ራሱ ይገርመኛል። ዲፌንስ። መከላከል። ተማሪው ሁለት ዓመት ሙሉ የሚዘጋጀው ውጤቱን ለመከላከል ነው። ቆይ፣ ማን አጥቅቶት? ፈታኙ የሚጠይቀው ስለ ፊደል ግድፈትና ስለ ጠቀሳ አጻጻፍ ነው። ይሉኝታም አለ። እኔ ዛሬ የአንተን ተማሪ ካስጨነቅሁ ነገ አንተ የእኔን ታስጨንቃለህ፤ ስለዚህ ሁለታችንም ገጽ 14 ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል ብለን በሰላም ወደ ኬኩ እንሄዳለን። አያቶቻችን እኮ በላ ልበልሃ የሚባል ነገር ነበራቸው። ለአንዲት ጥማድ መሬት ሰው ፊት ቆመው «ተጠየቅ!» እየተባባሉ ነገሩን እስከ አጥንቱ ይበልቱት ነበር። የኩታበሩ ገበሬ ያደረጉት እሱን ነው። የልጃቸውን ዲግሪ አልፈሩም፣ 98.2 በመቶ አላስደነገጣቸውም። ቅጠሉን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ አምና የሆነውን አስታወሱ።

ደግሞ ጥድፊያው አለ። ርዕስ በዚህ ሳምንት፣ ፕሮፖዛል በሚቀጥለው፣ ዳታ በሁለት ወር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእኛው ደግሞ የሚፈታው ከተመረቁ በኋላ፣ ማሳ ውስጥ፣ አባት ፊት ነው።

## «ጋቢ አለበት»

በቀጣዩ ዓመት ለገቡት ተማሪዎች ታሪኩን ነገርኳቸው፤ ልጅቷን አስፈቅጄ፣ ስሟን ሳልጠራ። የራሴን «ተይው» ግን አልዘለልኩትም። ክፍሉ ሳቀና ዝም አለ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ውጤት ከማምጣታችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉልኝ፤ «ውጤቴ ውሸት ቢሆን በምን ምክንያት ይሆናል?» የሚል። መጀመሪያ ያመጡት ወረቀት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። «ዳታው ትንሽ ከሆነ» ይላል ሁሉም። ይሄ መልስ አይደለም፤ ጸሎት ነው። ተማሪ የራሱን ሥራ እንዲጠራጠር ሲጠየቅ ልብ የሚነካ ነገር ነው የሚሆነው። የሚቆጣም አለ። «መምህር፣ ሥራዬን አልወደዱትም?» ያለኝ አለ።

ስለዚህ አቀያየርኳቸው። የራሱን ሳይሆን የጓደኛውን ሥራ ለመጣል ይሞክር አልኩ። ያኔ ክፍሉ ነፍስ ዘራ! የጓደኛን ሥራ ለመጣል የማይነሳ ማን አለ? የጥላቻ ንግግር የሚለይ ሞዴል ሠርቶ 91 በመቶ ያመጣ ልጅ ነበር። ጓደኛው ዳታውን ቆጠረው። ከመቶው 90ው ጥላቻ የሌለበት ነው። «የእኔ ሞዴል ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም ደህና ነው ቢል 90 ያመጣል። አንተ በሁለት ወር የጨመርከው አንድ ነው» አለው። ክፍሉ ተንጫጫ። ባለ 91ዱ ለሁለት ቀን አኮረፈ፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ ሠንጠረዥ ይዞ መጣ።

የጋቢ ፈተና የሚሉት ነገርም የመጣው ከእነሱ ነው። ዋናውን ነገር ሸፍነህ የተረፈውን ለሞዴሉ አሳየው፤ ቅጠሉን ቁረጠውና ጀርባውን ብቻ ስጠው። አሁንም ካወቀ ጋቢ አለበት። አሁን ካፌ ውስጥ ሁሉ እሰማዋለሁ። «የአንተ ውጤት ጋቢ አለበት» ይባባላሉ። አንዱ የመጀመሪያ ዓመት መምህር ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቡና ጋብዘኝ አልኩት።

እዚህ ላይ አንዱን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ እኔው የተሸነፍኩበት ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አለ። ሐመሩን ሐ እና ብዙኃኑን ኀ ወደ ሃሌታው ሀ ይጨፈልቃል። ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ለምን? ከእሱ በፊት የነበሩት ስላደረጉት። ፊደሎቹ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር የፊደል መዝገብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ኮምፒውተሩ አያምታታቸውም። እኛ ነን የምናምታታቸው። ከላስታ የመጣ፣ ዲቁና ያለው ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ድኅነት እና ድህነት አንድ ይሁኑ ማለት ነው? አንዱ መዳን ነው፣ አንዱ ማጣት ነው።» ተደሰትኩ። እሰይ፣ ጋቢ ተገኘ አልኩ። በል ፈትሸው አልኩት፤ ሲጨፈለቅ ውጤቱ እንደሚበላሽ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሦስት ሳምንት ወሰደበት። ከፌስቡክ የሰበሰበውን ጽሑፍ ሳይጨፈልቅም ጨፍልቆም ሞከረው። ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ በእጁ ቆጠረ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት አለ። ሳይጨፈለቅ ባሰ። ሰዉ ራሱ ቀላቅሎ ነው የሚጽፈው፤ መዳን ለማለት ከጻፉት አብዛኞቹ ሃሌታውን ሀ ነው የተጠቀሙት። ለፌስቡክ ጽሑፍ መጨፍለቁ ልክ ነበር። ለብራና ጽሑፍ ምናልባት አይሆንም፤ እሱን ገና እየፈተሸው ነው። «ታዲያ በከንቱ ለፋሁ?» አለኝ። እኔ ተሳስቼ፣ እሱ ለፍቶ፣ ሌሎች ሳይፈትሹ ሲያደርጉት የነበረው ልክ ሆኖ ተገኘ። ግን ቴሲሱ ውስጥ ያቺ አንቀጽ አለች። ከማንም ያልተቀዳች፣ በእጅ የተቆጠረች አንቀጽ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ እሷን ደጋግሜ አነበብኳት።

## መደርደሪያው

የልጅቷ ቴሲስ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው። ከእሷ ጋር ተቀምጠን አንድ ገጽ ማስተካከያ ጻፍን። ምን እንደተሳሳትን፣ ቁጥሩ ለምን እንደማይታመን፣ ጋቢውንም እጁንም ሳንደብቅ። ማስረከቡ ነበር ከባዱ። የተመረቀ ሥራ ላይ ማስተካከያ የሚቀበል መስኮት የለም። አንዱ ጋ ስንሄድ ወደ ሌላው ይልከናል። አንድ ኃላፊ ፈገግ ብለው፣ «ማን ያየዋል ብላችሁ ነው?» አሉን። መጨረሻ ላይ ራሳችን ገጹን ሽፋኑ ውስጥ ለጥፈን መለስነው። ሕጋዊ ይሁን አይሁን እንጃ።

እሷ ግን አላቆመችም። ዲግሪ አይገኝበት፣ ደመወዝ አይገኝበት፣ በትርፍ ጊዜዋ ነው። ጥቅምት ላይ የአምስት ገበሬዎችን ማሳ ዞራ እንደገና አነሳች። ደህናውንም የታመመውንም ጋቢ ላይ፣ ሁለቱንም በእጅ፣ ሁለቱንም እዚያው እንደቆመ። በአራቱ ማሳ አሰልጥና በአምስተኛው ፈተነችው። 73 በመቶ። ስትነግረኝ ድምጿ ከዚያ ከ98.2ቱ ቀን የበለጠ ደስ ያለው ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ለአባቷም ነግራቸዋለች። አልሳቁም አለችኝ። «የሚስተው የትኛውን ነው?» ብለው ብቻ ጠየቋት። እኔ ሳልጠይቃት እሳቸው ቀደሙኝ። ተመልሳ የሳታቸውን ፎቶዎች ለየች። አብዛኞቹ ገና የጀመራቸው ቅጠሎች ናቸው፤ በዓይን ሲታዩ ደህና የሚመስሉ። አባቷ ግን እነሱንም ይለያሉ። ቅጠሉን በአውራ ጣታቸው ያሹታል። ዋግ ካለበት ቢጫ ዱቄት ጣታቸው ላይ ይቀራል።

ትናንት በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ቅጠል የለበትም። የአባቷ አውራ ጣት ነው፤ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ ከሥሩ ጋቢው ይታያል። «መምህር፣ ይሄን ከየትኛው ክፍል ላስገባው?» ትላለች።

እስካሁን አልመለስኩላትም።